ለመኪና ውድድር ጌም አንድ ሰፊ ስክሪን ወይስ ሦስት?

ጠያቂ፦ ሰላም ጓዶች። አሴቶ ኮርሳ የሚባለውን የመኪና ውድድር ጌም በመሪና በፔዳል መጫወት ከጀመርኩ ወዲህ የ60 ኸርዝ (በሰከንድ 60 ምስል የሚያሳይ) ቴሌቪዥኔ አስጠልቶኛል፣ መኪናው መንሸራተት ሲጀምር አይቼ መሪውን እስካዞር ድረስ አጥሩ ውስጥ ገብቻለሁ። ምን ልግዛ?

መልስ 1፦ መጀመሪያ ቴሌቪዥኑን ጌም ሞድ ላይ አድርገው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘገየው ምስል ማሳመሪያው ነው። ከዛ አንድ ሰፊ 144 ኸርዝ። በ60 አንዱ ምስል 16.7 ሚሊሰከንድ ይቆያል፣ በ144 ወደ 7 ይወርዳል። ሦስት ስክሪን ግን ግራፊክስ ካርድህን (ምስሉን የሚሠራውን የኮምፒውተር ክፍል) ያስለቅሰዋል።

መልስ 2፦ አልስማማም። ጎንህ ያለውን መኪና ካላየህ ፍጥነቱ ምን ይሠራል? ሦስት ይሻላል። ቪአርም (ዓይን ላይ የሚደረገውን ስክሪን) ሞክሬ ነበር፣ ጥልቀቱ ጉድ ነው፣ ግን በሃያ ደቂቃ ያጥወለውለኛል። ፊፋ ብቻ ቢሆን 60 ይበቃህ ነበር።

ጠያቂ፦ ጌም ሞዱን አበራሁት። ወይኔ፣ ዓመት ሙሉ ጠፍቶ ነው የተጫወትኩት! ስክሪኑ ደሞዝ ይጠብቅ።