ጢስ ዓባይ ቁጥር 1፦ 11.4 ሜጋ ዋት በቀን ነው በሰዓት?

የባህር ዳር ተማሪ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ኤሌክትሪካል ሁለተኛ ዓመት ነኝ። ማስታወሻዬ ላይ ስለ ውሃ ኃይል ማመንጫው «ጢስ ዓባይ ቁጥር 1፣ በ1964 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ፣ 11.4 ሜጋ ዋት» ይላል። ይህ በቀን ነው በሰዓት? ደግሞስ አጠገቡ 73 ሜጋ ዋት ያለው ቁጥር 2 እያለ አሮጌው ምን ይሠራል?

ጡረተኛው ኦፕሬተር፦
በቀንም በሰዓትም አይደለም ልጄ፤ አቅሙ ነው። ሦስት ማሽን አለው፣ እያንዳንዱ 3.8 ሜጋ ዋት። ሦስቱም ቀንና ሌሊት ሳይቆሙ ቢዞሩ በቀን 273.6 ሜጋ ዋት ሰዓት ይሰጣሉ፤ በዓመት 100 ጊጋ ዋት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። «ቢዞሩ» ያልኩት ላይ አስምርበት። እኩለ ሌሊት ከተማው ሲተኛ ጭነቱ ይወርዳል፣ አንዱ ማሽን ለጥገና ይፈታል። በየሰዓቱ መዝገብ ላይ የምንጽፈው ቁጥር እንደ ወረቀቱ 11.4 አይሆንም።

አሁን ውሃውን አስላ። ከፏፏቴው በላይ ተጠልፎ በቦይ ይመጣና 46 ሜትር ያህል ይወርዳል። 9.81ን (የመሬት ስበት ነው) በ46 አባዛ፣ በሰከንድ 10 ሜትር ኩብ ውሃ አስገባ፣ ብቃቱን 85 በመቶ ያዝ። 3,836 ኪሎ ዋት፣ ማለትም 3.8 ሜጋ ዋት ገደማ አልወጣልህም? አንዱ ማሽን የሚጠጣው ይህን ያህል ነው። ትንሽ ነው ብለህ አትናቀው፤ የባህር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የዞረው በዚህ ኃይል ነው።

አስጎብኚ ከጢስ እሳት፦
ጋሼ፣ ፏፏቴው ቀጥኖ እንግዶቼ የሚያጉረመርሙብኝ በእርስዎ ማሽን ነዋ!

ጡረተኛው ኦፕሬተር፦
ኧረ በእኔ አታላክክ! ሦስቱም ቢጠጡ 30 ሜትር ኩብ ቢሆን ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. የመጣው ቁጥር 2 ነው የዚያን ብዙ እጥፍ የፈለገው። ቀጥሎ በ2010 እ.ኤ.አ. የበለስ ማመንጫ ገባ፤ 460 ሜጋ ዋት። እሱ ውሃውን በቀጥታ ከጣና በዋሻ ወስዶ ከ300 ሜትር በላይ ያወርደዋል። እኛ ዘንድ አንድ ሜትር ኩብ ከሚሰጠው ከስድስት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። አንተ ብትሆን ውሃውን ለማን ትለቃለህ? ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ጢስ ዓባዮች በአብዛኛው መጠባበቂያ ናቸው። ተማሪው፣ የአንተም መልስ እዚሁ ውስጥ አለ።

የባህር ዳር ተማሪ፦
ገባኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ግን ማሽን ዝም ብሎ ሲቆም አይበላሽም?

ጡረተኛው ኦፕሬተር፦
ይበላሻል እንጂ! እርጥበት የጄኔሬተሩን ጥቅል ሽቦ ይጎዳል፣ ቦዩ ውስጥ ደለል ይተኛል። አልፎ አልፎ ማዞር ነው መድኃኒቱ። ከማስነሳትህ በፊት ግን የጥቅሉን ኢንሱሌሽን (ሽፋኑ ኤሌክትሪክ እንዳያሾልክ) በሜገር፣ በመለኪያ መሣሪያው፣ ለካ፤ እሱን ዘለህ ማሽን እንዳትነካ።