ለቆሮሶ ዓሣ ፉርሽካ ብቻ ይበቃል?

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ ሰላም ወገኖች። ጓሮዬ ባስቆፈርኩት ኩሬ 300 ቆሮሶ አሉኝ። አራት ወር ሙሉ ፉርሽካ ብቻ ሰጠኋቸው፤ ዛሬም ከመዳፌ አይበልጡም። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ላይ ወጥተው አየር ይስባሉ። በጣም አሳዝነውኛል፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ፉርሽካ ሆድ ይሞላል እንጂ ፕሮቲኑ ትንሽ ነው። ቆሮሶ ከምግቡ 30 በመቶ ገደማው ፕሮቲን እንዲሆን ይፈልጋል። የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረውን) ጨምሪበት። ከአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ የዓሣ ጭንቅላትና አጥንት አምጥተሽ፣ ቀቅለሽ፣ አድርቀሽ ፍጪው፤ እኔ ለውጥ ያየሁት በእሱ ነው። የሻገተ ፋጉሎ ግን እንዳትገዢ!

ሌላ መልስ፦ አየር መሳባቸው ኦክስጅን ስላነሳቸው ነው፤ የተረፈ ምግብ ሲበሰብስ ይጨርሰዋል። ጥቂቶቹን መዝነሽ ጠቅላላ ክብደታቸውን ገምቺ፣ በቀን የዚያን 3 በመቶ የሚያህል ምግብ ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ለሁለት ከፍለሽ ስጪ።

ጠያቂዋ፦ ተባረኩ። ለካ በየማለዳው በባልዲ ስደፋላቸው ነበር፤ ነገ ሚዛን እዋሳለሁ።