ወንድሜ ጉበቱ ደህና ነው ተብሎ ደም አስታወከ፤ እንዴት ይሆናል?

ጥያቄ (ታላቅ እህት)
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ በድንገት ደም አስታወከ። በኢንዶስኮፒ ሲያዩት የምግብ ቧንቧው ደም ሥሮች አብጠው ተገኙ። በላስቲክ አሰሩለት። ጣፊያው አድጓል፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕሌትሌቱም ወርዷል። ሲሮሲስ (ጉበት በጠባሳ የሚደርቅበት በሽታ) መሰለን። ግን መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም፤ ሄፓታይተስም የለበትም። የጉበት የደም ምርመራው ደህና፣ የጉበትን መጠንከር የሚለካው የፋይብሮስካኑ ቁጥርም ዝቅተኛ ነው። ፖርቶ ሳይኑሶይዳል የሚሉት የደም ሥር በሽታ ጠርጥረው ከጉበቱ ናሙና እንውሰድ አሉ። እናቴ «ደህና ጉበት ለምን ይወጋል?» ብላ እያለቀሰች ነው። ምን ልበላት?

መልስ (በሽታው ያለብኝ)
አይዞሽ እህቴ፣ እኔም አለብኝ። ፖርታል ቬይን ከአንጀትና ከጣፊያ ደም ሰብስቦ ወደ ጉበት ያስገባል። ጉበት ከሚያገኘው ደም ሦስት አራተኛው ገደማ በእሱ ነው የሚመጣው። በእኛ በሽታ ጉበት ውስጥ ያሉት ቀጫጭን ቅርንጫፎቹ ይጠባሉ፣ ይደፈናሉ። ደሙ መግቢያ ሲያጣ ግፊቱ ይጨምራል፤ ጣፊያው የሚያድገው፣ ሥሮቹም የሚወጠሩት ለዚህ ነው። ለእናትሽ «ጉበቱ ሥራውን እየሠራ ነው፤ የታመመው የደሙ መግቢያ ነው» በያት። ይህንን ከሲሮሲስ በእርግጠኝነት የሚለየው ናሙናው ነው። እኔን «ደብቀህ ትጠጣለህ» እያሉ ሲያሸማቅቁኝ ኖረዋል። ከዚያ ያወጣኝ ናሙናው ነው። እባካችሁ አትፍሩት።

መልስ (የጉበት ክፍል ነርስ)
ከናሙናው በፊት ፕሌትሌቱንና የደሙን መርጋት ያያሉ። የመድማት ስጋት ካለ በአንገት ደም ሥር በኩል ገብተው መውሰድ ይችላሉ። የወሰዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ጻፉ። አዛታዮፕሪን፣ ኦክሳሊፕላቲን፣ ድሮ ለኤችአይቪ ይሰጥ የነበረው ዲዳኖሲን ከዚህ በሽታ ጋር ይያያዛሉ። ምክንያቱ የማይገኝላቸውም ብዙ ናቸው። ለሕመም ማስታገሻ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ አይውሰድ። ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደግሞ ደም ካስታወከ፣ ሌሊትም ቢሆን በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል!

ታላቅ እህት
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለአንጀቱ ሕመም አዛታዮፕሪን ይወስዳል! ዛሬውኑ ያቁም?

ነርስ
በራሳችሁ እንዳታቆሙት፣ የአንጀት ሕመሙ ሊነሳበት ይችላል። ዛሬ ለሐኪሙ ደውላችሁ ንገሩት፤ እሱ ይወስን።

በሽታው ያለብኝ
አንድ ነገር ልጨምር። ፖርታል ቬይኑ ውስጥ ደም ሊረጋ ስለሚችል እኔን በየስድስት ወሩ የደም ፍሰትን በሚያሳየው በዶፕለር አልትራሳውንድ ያዩኛል። ለእሱም መቼ እንደሚያዩት ጠይቂ። ግፊቱን ለመቀነስ እንደ ፕሮፕራኖሎል ወይም ካርቬዲሎል ያለ መድኃኒት ያስፈልገው እንደሆነም አንሺላቸው። እኔ እየወሰድኩ ሥራዬን እሠራለሁ። እናትሽ ማውራት ከፈለገች በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ እደውልላታለሁ።