እርከኑ በየክረምቱ ይናዳል፤ የመንግሥት ድርሻ የቱ ነው?

ደጋ_ወሎ
ሰላም ለሁላችሁ። ቦታው ደቡብ ወሎ ነው። በየዓመቱ ጥርና የካቲት በዘመቻ የአፈር እርከን ይሠራል፤ ሐምሌ ላይ ግማሹ ተንዶ ቦረቦሩ (ጎርፍ የሸረሸረው ጉድባ) ማሳ ይበላል። ተዳፋቱ 20 በመቶ ገደማ፣ ራስጌው የወል ግጦሽ ነው። ከግብርና ጽሕፈት ቤት ምን ይጠየቃል? ገበሬውስ በራሱ ምኑን ያስተካክል?

ቦርከና
ችግሩን ራስህ ተናግረኸዋል፦ ራስጌው። የጋራው ጎርፍ ሳይቀለበስ ማሳ ላይ እርከን መደርደር ድካም ብቻ ነው። ከማሳው በላይ መቀልበሻ ቦይ ይውጣ፤ ግን መውጫው ሳይታወቅ ዶማ አይነሳ። ሳር የለበሰ መውረጃ ካላገኘ ሌላ ቦረቦር ይወልዳል፣ የጎረቤት ጠብም ይጨመርበታል። ሳሩ ከቦዩ አንድ ክረምት ቀድሞ ይተከል።

ቀጥሎ የእርከኑን መስመር ልኬት ፈትሽ። 10 ሜትር ሲባጎ፣ ቁመታቸው እኩል የሆነ 2 እንጨት፣ ልክ 5 ሜትሩ ላይ የሚንጠለጠል ውሃ ልክ። ሲባጎው ከላላ ወይም ውሃ ልኩ ከመሃል ከሸሸ መስመሩ ይዘማል። የእርከኑ አፈር ክምር አናት አንድ ቦታ ላይ 5 ሳንቲም ዝቅ ካለ የእርከኑ ቦይ ውሃ ሁሉ እዚያ ሄዶ ይጥሰዋል። ለዚህ ነው ቦዩ ውስጥ በየ3 እስከ 6 ሜትሩ ጥቂት አፈር ሳይቆፈር የሚተው። ክምሩም ከተጠቀጠቀ በኋላ ከ60 ሳንቲም አይነስ። ለስላሳ አፈር ቆልሎ ኪሎ ሜትር ማስቆጠር እርከን አይባልም።

ወረኢሉ
ዋልካ (ውሃ የሚቋጥር ጥቁር አፈር) መሬት ያለው ሰው ይህን እንዳለ እንዳይወስድ። እዚያ ውሃ ልክ የጠበቀ እርከን ውሃ አቁሮ ሰብሉን ያቢጫል። እስከ 1 በመቶ ዘመም ተደርጎ ወደ መውረጃው ይፍሰስ።

ሐይቅ_ዳር
ጉልበቱ የሕዝብ ነው፤ የመንግሥት ድርሻ ቀያሽ፣ የጋቢዮን (ድንጋይ የሚሞላበት የሽቦ ሳጥን) ሽቦ፣ ችግኝና ሕግ ማስከበር ነው። አዋጅ 456/1997 ከ60 በመቶ በላይ ተዳፋት ያለው መሬት ለእርሻም ለልቅ ግጦሽም እንዳይውል ደንግጎ ነበር። ግን ክለላ (ጋራን ከከብትና ከእርሻ መዝጋት) በትእዛዝ ብቻ አይጸናም፤ በደርግ ዘመን የተከለለው ብዙ የወሎ ጋራ በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ተመንጥሯል። ሳሩን አጭዶ የሚወስደው ማን እንደሆነ በጽሑፍ ይታወቅ።

ጽሕፈት ቤቱን ስትጠይቁ የጥገና ቀን አስይዙ። የሥራ መመሪያው ለ1 ኪሎ ሜትር የአፈር እርከን 150፣ ለድንጋይ እርከን 250 የሰው ቀን (የአንድ ሰው የአንድ ቀን ሥራ) ይመድባል፤ የዘመቻ ሪፖርት ደግሞ አዲሱን እንጂ የተጠገነውን አይቆጥርም። የጎርፍና የደለል ልኬት ከተፈለገ ከደሴ በስተደቡብ የማይባር ምርምር ጣቢያ ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራ መረጃ አለው።

ደጋ_ወሎ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቦረቦሩ 3 ሜትር ስፋት፣ 1.5 ጥልቀት አለው። ጋቢዮን የግድ ነው?

ቦርከና
አይደለም፣ ደረቅ የድንጋይ ክትር (ቦረቦሩን አቋርጦ ያለ ሲሚንቶ የሚደረደር ድንጋይ) ይበቃዋል። ጫፎቹን 70 ሳንቲም ወደ ግድግዳው፣ መሠረቱን 50 ሳንቲም ወደ ታች ቅበር። መሃሉ ከጫፎቹ ዝቅ ይበል፤ አለዚያ ውሃው ጎኑን ፈልፍሎ ክትሩን ለብቻው ይተወዋል። ውሃው የሚወድቅበት ቦታ ላይ ድንጋይ አንጥፍ። ርቀቱ፦ የክትሩን ቁመት በ1.2 አባዝተህ ለቦረቦሩ ወለል ተዳፋት አካፍል። 1 ሜትር ክትር፣ 12 በመቶ (0.12) ተዳፋት ከሆነ በየ10 ሜትሩ።