ኒውሮብላስቶማ ተጠርጥሮ፦ ለሽንትና ለኤምአይቢጂ ምርመራ ምን እንጠንቀቅ?

ጥያቄ፦ ልጃችን ሁለት ዓመቱ ነው። ከግራ ኩላሊቱ በላይ፣ አድሬናል እጢው ላይ እብጠት ታይቶ ሐኪሞቹ ኒውሮብላስቶማ (ካልበሰሉ የነርቭ ሕዋሳት የሚነሳ የሕፃናት ካንሰር) ጠርጥረዋል። ለሽንት የሚለጠፍ ከረጢት፣ ለኤምአይቢጂ ምስል (ዕጢው የሚስበው ጨረር ያለው መድኃኒት ተወግቶ የሚነሳ ምስል) ደግሞ የአዮዲን ጠብታ ሰጡን። ምርመራው እንዳይበላሽ ምን እናድርግ?

የላብራቶሪ ባለሙያ፦ እግዜር ይማርላችሁ። ከሽንቱ የሚፈለጉት ቪኤምኤ እና ኤችቪኤ ናቸው፤ ዕጢው የሚያመርታቸው አድሬናሊን መሰል ኬሚካሎች ሲፈራርሱ የሚወጡ ናቸው። ከክሬአቲኒን (ጡንቻ የሚያመነጨውና በሽንት የሚወጣ ቆሻሻ) ጋር ተነጻጽረው ስለሚሰሉ ብዙ ጊዜ የ24 ሰዓት ሽንት ማጠራቀም አያስፈልግም። ቆዳውን በውሃ አጥባችሁ በደንብ አድርቁት። ቅባትና ፓውደር ካለ ከረጢቱ አይለጠፍም፣ ሽንቱ ወደ ዳይፐር ይፈሳል። በየ15 ደቂቃው እዩት። ሰገራ ከነካው ይጣልና በአዲስ ከረጢት ይጀመር። የተገኘውን ወዲያው ወደ ዕቃው ገልብጡ፤ ላብራቶሪ እስኪደርስ ከብርሃን ተጋርዶ ፍሪጅ ይቀመጥ።

ፋርማሲስት፦ ለኤምአይቢጂ የሚወጋው መድኃኒት ጨረር ያለው አዮዲን 123 ይዟል። ከመድኃኒቱ የሚላቀቀውን አዮዲን ታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው እጢ) እንዳይወስደው ጠብታው ቀድሞ ይሞላዋል። ስለዚህ ከመርፌው በፊት ይጀመራል፣ በኋላም በታዘዘው ቀን ልክ ይቀጥላል፤ ምስሉ አለቀ ብላችሁ አታቋርጡ። ጣዕሙ መጥፎ ስለሆነ በጥቂት ጭማቂ ስጡት። ካስታወከ ራሳችሁ አትድገሙ፣ ደውላችሁ ጠይቁ። ምስሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው በማግስቱ ነው።

ጠያቂ፦ ጉንፋን ይዞት የአፍንጫ መዘጋት ሽሮፕ ሰጥተነዋል። ችግር አለው?

ፋርማሲስት፦ ሊኖረው ይችላል። ሱዶኤፌድሪን ወይም ፌኒሌፍሪን ካለበት ኤምአይቢጂው ወደ ዕጢው ሕዋሳት እንዳይገባ ያግዳል፤ በሽታ ያለበት ቦታ ባዶ መስሎ ይታያል። ጠርሙሱን ይዛችሁ ከመርፌው በፊት ለኑክሌር ሕክምና ክፍሉ አሳዩ። ቀጠሮው ቢራዘም ይሻላል።

የሕፃናት ካንሰር ነርስ፦ ከዕጢው ናሙና ሲወሰድ የኤምዋይሲኤን (ሲባዛ ዕጢው በፍጥነት እንዲያድግ የሚገፋ) ጂን ምርመራ መታዘዙን አረጋግጡ። ጂኑ ተባዝቶ ከተገኘ ሕክምናው ይጠነክራል። ከ18 ወር በላይ የሆነ ልጅ በሽታው ወደ አጥንት ወይም ወደ መቅኒ ከተሰራጨበትም እንዲሁ፤ የመቅኒ ናሙና ከሁለቱም ዳሌ የሚወሰደው ለዚህ ነው። የሌላ ልጅ ሕክምና ከልጃችሁ ቢለይ አትደንግጡ።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይጠብቅም፦ እግሩ ከሰነፈ፣ መራመድ ካቆመ ወይም ሽንት መሽናት ካቃተው ዕጢው ሕብለ ሠረሠሩን እየተጫነ ሊሆን ይችላል። ሌሊትም ቢሆን በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት፤ ኒውሮብላስቶማ መጠርጠሩን በር ላይ ተናገሩ።