ሃቲ ማክዳንኤል ለምን የኦስካር ሐውልት አልተሰጣትም?

ጥያቄ፦ በአማርኛ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ የተተረጎመው ልቦለድ ወደ ፊልም ሲቀየር የቤት አገልጋዩዋን ማሚን የተጫወተችው ጥቁር አሜሪካዊት ሃቲ ማክዳንኤል በሽልማቱ ፎቶዋ ላይ ሐውልት አልያዘችም። በቀለሟ ምክንያት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ለረዳት ተዋንያን ሙሉ ሐውልት መስጠት የተጀመረው በ1944 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ነጮቹም የሚወስዱት ትንሽ ምስል የተለጠፈበት ሰሌዳ ነበር። መድሎው የከፋው በመቀመጫው ነው፤ በ1940 የሽልማቱ ሥነ ሥርዓት በተካሄደበት አምባሳደር ሆቴል ውስጥ ከፊልሙ ባልደረቦቿ ተለይታ ግድግዳ ጥግ አስቀመጧት። በ1939 አትላንታ ላይ ፊልሙ ሲመረቅም አልተገኘችም፤ የጆርጂያ የዘር መለያየት ሕግ ከለከላት።

ሌላ መልስ፦ ሰሌዳውን ለሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተናዛ ነበር፣ ጠፋ። ምትኩ የተሰጠው በ2023 ነው። የፊልሞቿን ዝርዝር የምታወጣ ከሆነ ግን ፊልሙ ላይ በተጻፉት ስሞች ብቻ አትተማመን፤ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ብዙውን የሠራችው ስሟ ሳይጠቀስ ነው።