ለጋራው የሲ ላይብረሪ የሚቀርብ ሐሳብ፦ የፍሎቲንግ ፖይንት ሴቲንግን አስቀምጦ መመለስ

አስተባባሪ፣ አራት ኪሎ

ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ አብርሆት ስንገናኝ ለማጽደቅ እንዲቀለን ረቂቁን ከወዲሁ እዚሁ እናብስለው። ሐሳቡ አጭር ነው። በላይብረሪያችን ውስጥ የማጠጋጊያ ሁነታን (ውጤቱ ወደ ላይ ወይስ ወደ ታች ይጠጋጋ የሚለውን) ወይም ሌላ የፍሎቲንግ ፖይንት (የነጥብ ቁጥር ስሌት) ሴቲንግ የሚነካ ፈንክሽን፣ ሲገባ ያገኘውን አስቀምጦ ሲወጣ ይመልስ።

ለምን አሁን? የኢንተርቫል ስሌት ክፍሉ ስለተጨመረ ነው። እሱ አንዱን ስሌት ሁለት ጊዜ ይሠራዋል፤ አንዴ ወደ ታች እያጠጋጋ፣ አንዴ ወደ ላይ። 1ን ለ3 በደብል (በ64 ቢት የነጥብ ቁጥር) ስናካፍል ወደ ታች 0.33333333333333331 ይወጣል፤ ወደ ላይ 0.33333333333333337። እውነተኛው መልስ በሁለቱ መሃል አለ ማለት ነው። ጥሩ ዘዴ ነው። ግን ሁነታው «ወደ ላይ» እንደሆነ ከቀረ፣ ጣጣው የሚተርፈው እኛን ለጠራው ፕሮግራም ነው።

ረቂቅ አንቀጽ 1፦ «ሴቲንግ የሚቀይር ፈንክሽን መጀመሪያ በፌጌትኤንቭ ያስቀምጥ፤ ሲጨርስ በፌሴትኤንቭ ይመልስ።»

ሁለቱ ሴቲንጉን በሙሉ የሚያነብና መልሶ የሚያስቀምጥ የሲ ፈንክሽኖች ናቸው። አስተያየታችሁን ወርውሩ።

አባል፣ ሜክሲኮ

ሐሳቡን አልቃወምም። ግን ይሄን ያህል ደንብ ያስፈልገዋል ወይ? የብር ስሌት በሳንቲም፣ በሙሉ ቁጥር ይሠራ ብለን ድሮ ተስማምተናል። የቀረው የምሕንድስና ስሌት ነው። እዚያ ላይ አሥራ ስድስተኛው ዲጂት ቢዛነፍ ማን ያየዋል?

አባል፣ ፒያሳ

ወንድሜ፣ ስሌቱ በሙሉ ቁጥር ይሁን፤ ኅትመቱስ? እኔ የምሠራበት ቦታ የደረሰውን ልንገርህ። ደረሰኝ የሚያወጣው ፕሮግራም አንድ ቀን 0.10 ብርን 0.11 ብሎ ማተም ጀመረ። 0.20ውን 0.21። 0.30 ግን እንዳለ 0.30 ነው። ሰዉ ሁሉ የዳታቤዙን ሠንጠረዥ ሲያገላብጥ ዋለ። ዳታቤዙ ንጹሕ ነው!

ነገሩ ወዲህ ነው። 0.10 በደብል ሲቀመጥ በጣም በጥቂቱ ከ0.10 ይበልጣል። 0.20ም እንደዚያው። 0.30 ደግሞ በጥቂቱ ያንሳል። የጂኤንዩ ሲ ላይብረሪ የኅትመት ፈንክሽን፣ ፕሪንትኤፍ፣ ቁጥሩን በሁለት ዲጂት ሲያትም በሰዓቱ ያለውን የማጠጋጊያ ሁነታ ያከብራል። ከሌላ ቦታ የመጣ አንድ ላይብረሪ ሁነታውን ወደ ላይ አድርጎ ሳይመልስ ወጥቶ ነበር። ስለዚህ ፕሪንትኤፍ ያቺን የማትታይ ትርፍ አይቶ አንድ ሳንቲም ጨመረ። 0.30 ላይ የሚያነሳው ትርፍ የለም፤ ወደ ላይ ሲያጠጋጋውም 0.30 ነው። ግማሹ ልክ፣ ግማሹ ስህተት ሲሆን ምንጩን ማግኘት እንዴት አድካሚ እንደሆነ አስበው። ከዚያ ወዲህ ይህ ደንብ በጽሑፍ እንዲሰፍር አጥብቄ እፈልጋለሁ።

አባል፣ ሜክሲኮ

ይሄማ ሌላ ነው። በቃ፣ እኔም አለሁበት።

ጋሼ፣ ካዛንቺስ

ልጆች፣ መመለሱን እደግፋለሁ። አመላለሱ ላይ ግን ጥያቄ አለኝ።

የምታስቀምጡት ነገር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ትእዛዝ ነው፦ እንዴት ይጠጋጋ፣ ችግር ሲፈጠር ፕሮግራሙ ይቁም ወይስ ይቀጥል። ሌላው ምዝገባ ነው። የፍሎቲንግ ፖይንት ደረጃው አይትሪፕልኢ 754 በ1985 ሲወጣ አምስት ኤክሴፕሽኖች (ያልተለመዱ ሁኔታዎች) ደነገገ፦ ትርጉም የሌለው ስሌት፣ ለዜሮ ማካፈል፣ ከልክ በላይ መተለቅ፣ ከልክ በታች ማነስ፣ እና ልክ አለመምጣት። ለእያንዳንዱ ፍላግ፣ ማለትም መከሰቱን የሚመዘግብ ምልክት፣ አለው። ፍላጉ አንዴ ከተነሣ፣ የሚያወርደው እስኪመጣ ድረስ እንደተነሣ ይቆያል።

ፌሴትኤንቭ ሁለቱንም በአንድ ላይ ወደ ድሮው ይመልሳል። ፈንክሽናችሁ ውስጥ ለዜሮ ማካፈል ተፈጥሮ ከነበረ ፍላጉ አብሮ ይጠፋል። የጠራችሁ ሰው ሁሉም ሰላም ነው ብሎ ይቀጥላል። የጎረቤት ምጣድ የተዋሰ ሰው ምጣዱን ይመልሳል፤ ከተሰነጠቀ ደግሞ ተሰንጥቋል ይላል። አንቀጽ 1 የመጀመሪያውን ብቻ ነው የያዘው።

ሲ99 (የ1999ኙ የሲ ደረጃ) ለዚህ ሌላ ጥንድ ሰጥቶናል። ፌሆልድኤክሴፕት ያለውን ያስቀምጣል፣ ፍላጎቹን ያወርዳል፣ ስሌቱም ሳይቆም እንዲቀጥል ያደርጋል። ፌአፕዴትኤንቭ ደግሞ የድሮውን ይመልስና በመሃል የተነሡትን ፍላጎች እንደገና ያነሣቸዋል። እኔ በእነዚህ ጥንድ እንሥራ ባይ ነኝ።

አባል፣ ፒያሳ

ጋሼ ያሉት ልክ ነው። አንድ ነገር ልጨምርበት። ፈንክሽኑ ሆን ብሎ የሚያስነሣው ፍላግ ሊኖር ይችላል፤ ለምሳሌ በመካከለኛ ስሌት ላይ የሚመጣ ከልክ በታች ማነስ፣ የመጨረሻውን መልስ የማይነካ። እሱን ከፌአፕዴትኤንቭ በፊት በፌክሊርኤክሴፕት እናውርደው። አለበለዚያ ጠሪውን በከንቱ እናስደነግጠዋለን።

አባል፣ ሜክሲኮ

ፍጥነቱስ? እኔ የምጠራው ሉፕ ውስጥ ነው።

ጋሼ፣ ካዛንቺስ

ጥሩ ጠየቅህ። በ64 ቢቱ ሊኑክስ፣ በኢንቴልና በኤኤምዲ ላይ፣ ኤንቫይሮንመንቱ (ሴቲንጉና ፍላጎቹ በአንድ ላይ) 32 ባይት ነው። ትልቅ አይደለም። ግን ከአዲሱ የስሌት ክፍል ሬጅስተር፣ ከኤምኤክስሲኤስአር፣ ሌላ የድሮውን ኤክስ87 የስሌት ክፍልም ይዞ ስለሚንቀሳቀስ፣ በየዙሩ ከተሠራ ይከብዳል። ከሉፑ ውጭ አንዴ ቀይር፣ አንዴ መልስ። የምትነካው ማጠጋጊያውን ብቻ ከሆነ ደግሞ ሁነታውን የሚያነበው ፌጌትራውንድና የሚቀይረው ፌሴትራውንድ ይበቁሃል። እነሱ ፍላጎቹን አይነኩም።

ሴቲንጉ ያለበትን የፕሮሰሰሩን ሬጅስተር በቀጥታ በአሴምብሊ መነካካት ግን አይፈቀድ። ስልካችሁ ላይ ያለው የ64 ቢት አርም ፕሮሰሰር ሬጅስተሩ ኤፍፒሲአር ነው፤ ቢቶቹም ሌላ ናቸው።

አስተባባሪ፣ አራት ኪሎ

እሺ፣ አንቀጽ 1 ይቀየራል። ሁለት ሌሎች ነገሮችም እኔን ያሳስቡኛል።

አንደኛው መውጫው ነው። ፈንክሽኑ መሃል ላይ ሪተርን ካለ፣ ወይም በሎንግጃምፕ (ወደ ሌላ ፈንክሽን በቀጥታ በሚዘል ጥሪ) ከወጣ፣ የመመለሻው መስመር አይደረስበትም። ሎንግጃምፕ ይሄን ሴቲንግ አይመልስልንም። ስለዚህ መውጫው አንድ ይሁን። ትሬድም (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄድ ሥራ) አለ፦ በሲ11፣ በ2011ዱ የሲ ደረጃ፣ አዲስ ትሬድ ሲፈጠር የፈጠረውን ትሬድ ሴቲንግ ይወርሳል። ሁነታው ተቀይሮ ሳለ ትሬድ ከከፈትን፣ እኛ ብንመልስም እሱ እንደተቀየረ ይቀጥላል።

ሁለተኛው ኮምፓይለሩ ነው። የሲ ደረጃ «ፌንቭ አክሰስ» የሚባል ፕራግማ (ለኮምፓይለር በኮድ ውስጥ የሚሰጥ መመሪያ) ያዛል፤ ኮምፓይለራችን ጂሲሲ ግን አይቀበለውም። ማጠጋጊያው ሊቀየር እንደሚችል የሚነግረውን ራውንዲንግ ማዝ የሚለውን አማራጭ መክፈት ግድ ነው። እሱም ቢሆን 1.0 ለ3.0 ብላችሁ በቋሚ ቁጥር ስትጽፉ መልሱ ኮምፓይል ሲደረግ ተሰልቶ እንዳያልቅ ተጠንቀቁ፤ ፈተናዎቹ ላይ ኮምፓይለሩ ዋጋውን አስቀድሞ እንዳይገምት የሚያደርገውን ቫላታይል ተጠቀሙ።

ለፍጥነት ሲል የስሌት ደንቦችን የሚያላላው ፋስት ማዝ የሚባል አማራጭ ደግሞ ፈጽሞ ይከልከል። ከጂሲሲ 13 በፊት በዚያ አማራጭ የተሠራ ሼርድ ላይብረሪ ገና ሲጫን፣ እጅግ ትንንሾቹ ቁጥሮች ዜሮ እንዲሆኑ የፕሮሰሰሩን ሴቲንግ ይቀይር ነበር። አንድም ፈንክሽኑ ሳይጠራ! አስቀምጦ መመለስ ቢባል እንኳ የሚያስቀምጠው ኮድ የለም። የሰው ፕሮግራም ሳያስፈቅድ የሚነካ ነገር ከእኛ ስም ጋር እንዲወጣ አልፈልግም።

አባል፣ ሜክሲኮ

ትሬዱን አላሰብኩትም ነበር። አንቀጹ ላይ «ሁነታው ተቀይሮ ሳለ ትሬድ አይከፈት» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ። የጠሪው ኮልባክም (ጠሪው እንድንጠራለት የሰጠን ፈንክሽን) አይጠራ። እሱም ያው ነው።

አስተባባሪ፣ አራት ኪሎ

ተስማምተናል። የተሻሻለው ረቂቅ ይኸው፦

«ማጠጋጊያውን ብቻ የሚቀይር ፈንክሽን በፌጌትራውንድ ያስቀምጥ፣ በፌሴትራውንድ ይመልስ። ከዚያ ያለፈ የሚነካ በፌሆልድኤክሴፕት ይግባ፣ በፌአፕዴትኤንቭ ይውጣ፤ የራሱን የውስጥ ፍላግ ከመውጣቱ በፊት ያውርድ። መውጫው አንድ ይሁን። ሁነታው ተቀይሮ ሳለ ትሬድ አይከፈት፣ የጠሪው ኮልባክ አይጠራ። ላይብረሪው በራውንዲንግ ማዝ ይሠራ፤ ፋስት ማዝ የተከለከለ ነው።»

ፈተናውን አንቺ ከፒያሳ ያዢው፤ እያንዳንዱ ፈንክሽን ከተጠራ በኋላ 0.10 እና 0.20 በሁለት ዲጂት ይታተሙ። ሜክሲኮ የኢንተርቫሉን ሉፕ ያስተካክል። አርሙን እኔ እሞክራለሁ።

ጋሼ፣ ካዛንቺስ

አንድ ነገር ቀርቷል። ከፌጌትራውንድ በቀር እነዚህ ፈንክሽኖች ከተሳካላቸው ዜሮ ይመልሳሉ፤ ካልተሳካላቸው ሌላ። ፌጌትራውንድ ሁነታውን ይመልሳል፤ ማወቅ ካልቻለ ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር። ፌሴትራውንድ ሁነታውን መቀየር ካልቻለ በነበረው ትቶት ይወጣል፤ የኢንተርቫሉ ሁለቱ ጫፎች ያኔ ምንም ዋስትና የላቸውም። «መልሱ ይመርመር» የሚል ይግባበት።

አስተባባሪ፣ አራት ኪሎ

ገብቷል ጋሼ፣ ከ«መውጫው አንድ ይሁን» ቀጥሎ።